የእታለም አምስት ማሽኖች

እጆቿ የደም ከረጢቶች ላይ መለያ ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ከረጢቱን በግራ መዳፏ እንደ ጨቅላ ደግፋ፣ በቀኝ አውራ ጣቷ ወረቀቱን ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያለች ታስተኛለች። ከሥሩ አየር የቀረበት ወረቀት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቆይ ይላቀቃል፤ ስለዚህ ጠርዙን በጥፍሯ ጭምር ትዳብሰዋለች። ከዚያ ቁጥሩን ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ታነባለች፣ ከዝርዝሩ ጋር ታስተያያለች፣ ደግማ ታነባለች። ሌሎቹ ሠራተኞች ሁለቴ ያዩታል፤ እሷ ሦስቴ።

"እታለም፣ ሦስተኛው ለማን ነው?" ይሏታል።

"ለፍርሃቴ ነዋ" ትላለች አንገቷን ሰበር አድርጋ።

በስሟ የሚጠራት የለም። የስድስት ልጆች ታላቅ ስለሆነች ታናናሾቿ እታለም ይሏታል። አንደኛዋ እህቷ አንድ ቀን ሆስፒታሉ ምድር ቤት ድረስ መጥታ፣ በደም ባንኩ በር ላይ ቆማ "እታለም!" ብላ ስትጣራ ክፍሉ በሙሉ ሰማ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የክፍሉ ኃላፊ ሳትቀር ሁሉም እታለም ይሏታል። ፈሪ መሆኗንም ሁሉም ያውቃል። ጠዋት የቤቷን በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ከአውቶቡስ መቆሚያው ተመልሳ መቆለፉን ትነካካለች። ጡረታ የወጣው ባሏ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ሴትዮ፣ እኔ እኮ ውስጥ ነኝ! ማን ሊሰርቀኝ ነው?" ይላታል።

"አንተን የሚወስድ ቢመጣማ በሩን ራሴ እከፍትለታለሁ" ብላው እየሳቀች ወደ አውቶቡሱ ትሮጣለች።

የደም ለጋሾችን መዝገብ ሃያ ሁለት ዓመት የያዘችው እሷ ናት። መዝገቡ የተሠራው በድሮ ፕሮግራም ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ሲሞት ፕሮግራሙ በአዲሱ ላይ አልነሳም አለ። ያኔ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ቴክኒሻን አንድ ዘዴ አመጣ፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ አሮጌውን የሚመስል ሌላ ኮምፒውተር ፈጠረላቸው። አካል የለውም፤ በመስኮት ብቻ ነው የሚታየው። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል አላቸው። የላቦራቶሪ ሴቶች ግን ሆዷ ውስጥ ሌላ ስላለ ኮምፒውተሯን "ነፍሰ ጡሯ" ብለው ተገላገሉ።

ቴክኒሻኑ ከአንድ ወር በፊት ሲያስረክባት ሁለት ነገር አዘዛት። "ውስጠኛዋን እንዳትዘጊያት፤ ከተዘጋች ለመነሳቷ ዋስ አልሆንም። ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ቅጂ አስቀሪ።" እታለም ቃሉን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ያዘችው።

ያን ቀን፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። ከላይ ከማዋለጃ ክፍል፣ አዋላጇ ነበረች።

"እህቴ፣ የላካችሁልን ሁለት ከረጢት አለቀ። ወልዳለች፣ ደሙ ግን አልቆመም። ከዚሁ ዓይነት ሌላ አለሽ?"

እታለም ማቀዝቀዣውን ከፍታ ማየት አላስፈለጋትም። ያ የደም ዓይነት ያላቸው ለጋሾች በመዝገቡ ውስጥ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው፤ በማቀዝቀዣው የነበረውም ያው ሁለቱ ከረጢት ነበር።

"የለም" አለች። "ለጋሽ እጠራለሁ።"

"ቶሎ በይልኝ በእናትሽ። ሁለት ሰዓት ብናቆያት ነው፤ ከዚያ በላይ አልዋሽሽም።"

እታለም ስልኩን አስቀምጣ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሰማያዊው የመዝገብ ገጽ ጠዋት እንደተወችው ቆሟል። የፍለጋውን ቁልፍ ተጫነች። ምንም። ደግማ ተጫነች። የመዳፊቷ ቀስት በቦታዋ ደርቃለች፤ የሳጥኑ ማራገቢያ ብቻ እንደ ወፍጮ ያጓራል። እጇን ሳጥኑ ላይ ብታሳርፍ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፋጃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሯ በየቀኑ እየዘገየች መምጣቷን አይታ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ብሆንስ ብላ ፈርታ ለማንም አልተናገረችም።

የክፍሉ ኃላፊ በእድሜ ታንሳታለች። እየሮጠች ገባች።

"የቅርቡ ደም ባንክ ጋ ደወልኩ። አላቸው፣ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ለጋሾቹን ጠራሽ?"

"ቁሟል።"

"ምኑ?"

እታለም በአገጯ አሳየቻት። ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ። "ቅጂዎቹ ውስጥስ ስልካቸው የለም?"

"ያለው አሮጌው ነው። ሰባቱ ቁጥር ቀይረው፣ በዘመድ በጎረቤት አፈላልጌ ያረምኩት በዚህ ሳምንት ነው። እዚህች ውስጥ ብቻ ነው ያለው።"

"የጻፍሽበት ወረቀትስ?"

"ቀደድኩት። የለጋሽ ስም በወረቀት አይቀመጥም ይላል ደንቡ... እንዳልጠየቅ ብዬ..."

ኃላፊዋ አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ይብስ አስፈራት። ቴክኒሻኑ ጋ ደወሉ፤ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ እየሄደ ነበር።

"እታለም! አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ጮክ በይ!"

"ነፍሰ ጡሯ አልንቀሳቀስ አለች!"

ከወዲያኛው ጫፍ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ተሰማ። "ሐኪም ነህ እንዴ ልጄ? ቁጭ አድርገው እንዳያቆይዋት በላቸው!"

"ኮምፒውተር ናት እናቴ።"

"ኡኡቴ! ዘንድሮ ደግሞ እሱም ማርገዝ ጀመረ?"

ቴክኒሻኑ የትኞቹን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ እንደምትጫን ነገራት። ተጫነች። ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አልመጣም፤ ከዚያ በማሽኗ ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ብቅ አለ።

"ፕሮሰሰር የሚለው ሥር፣ ጉልበቷ ማለት ነው፣ ስንት ይላል?"

"መቶ በመቶ። ቀልቷል።"

"ማን ነው እንዲህ የሚበላው? ከላይ ያለውን ስም አንብቢልኝ።"

አነበበች። የውስጠኛዋ ማሽን ስም ነው። ከሥሩ ያለውም ያው። ከእሱም ሥር ያው።

"ስንት ቦታ ነው የተጻፈው?"

እታለም በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ኃላፊዋ ከጀርባዋ ቆማ ትንፋሿ አንገቷ ላይ ይሰማታል። ላይኛው ፎቅ ላይ ያለችውን ሴት አስታወሰች፤ አይታት አታውቅም፣ ግን የተላከላት ደም ከረጢት ላይ መለያውን የለጠፈችው እሷ ናት።

"አምስት" አለች።

"እንዴ! እኔ የሰጠሁሽ አንዲት ናት እኮ!"

"በየሳምንቱ ቅጂ አስቀሪ አልከኝ፣ አስቀረሁ። ቅጂው ደህና መሆኑን ደግሞ ሳላየው በምን አውቃለሁ? ከፈትኩት፣ ተነሳ። ከዚያ..."

"ከዚያ ዘጋሽዋ?"

"እንዳትዘጊ ብለኸኛል።"

ቴክኒሻኑ ሳቁ አመለጠው። "አምስት አርግዛለቻ!"

"አትሳቅ" አለች ኃላፊዋ በእታለም ትከሻ ላይ አጎንብሳ። "ላይ አንዲት እናት በእጃችን ልትሞት ነው።"

ሳቁ ቀጥ አለ። "ይቅርታ። እሺ፣ ስሚኝ እታለም። አምስቱም እያንዳንዳቸው ብቻዬን ነኝ ነው የሚሉት። አንድ አልጋ ላይ አምስት ሰው አስተኝተሽ ለምን ይገፋፋሉ እንደማለት ነው። አራቱን አጥፊ። ዋናዋን ግን እንዳትነኪ፤ እየሠራች ሳለ በጉልበት ከተገደለች መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል።"

"ዋናዋ የትኛዋ እንደሆነች በምን ልለይ? ስማቸው አንድ ነው። ስም ብቀይር ይበላሻል ብዬ ፈርቼ..."

"ሰንጠረዡን ተዪው። ከታች፣ ከመስኮቱ ግርጌ ባለው..."

መስመሩ ተቋረጠ። ደወሉ፤ አይሠራም። ደግመው ደወሉ፤ አይሠራም።

"ከግርጌ ምን አለ?" አለች ኃላፊዋ።

"አላውቅም።" አለች እታለም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ከሃያ አምስት ይላል።

"ልሞክረው እኔ?"

"አይ፣ ተዪ። እኔ ነኝ የከፈትኳቸው።"

ቀስቷን በትንሽ በትንሹ ወደ ግርጌ ጎተተቻት። ቀስቷ ትቆማለች፣ ትዘላለች፣ ትቆማለች። ግርጌው ላይ ያለውን ምልክት ስትነካ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ አምስት የጥፍር ያህል ሥዕሎች ተደርድረው ወጡ። እያንዳንዱ የአንዲት ማሽን ገጽ ነው። እታለም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ አፍንጫዋ የስክሪኑን መስታወት እስኪነካ ተጠጋች። ቅጂዎቹን ስትከፍት የይለፍ ቃል እስከሚጠይቀው ጥቁር ገጽ ድረስ ብቻ ነው የሄደችው፤ ከዚያ አልፋ አታውቅም። ሰማያዊ ገጽ ያላት ዋናዋ ብቻ ናት። ቆጠረች፤ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ጥቁር። ዳር ያለችው ጥቁር ግን ትንሽ ሰማያዊ ትመስላለች። ወይስ እንባዋ ነው? ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ እንደገና ቆጠረች።

የመጀመሪያዋን ጥቁር ነካች። ማሽኗ ጠየቀቻት፤ ልትጠፋ ነው፣ ያልተቀመጠ ሥራ ሊጠፋ ይችላል፣ ትፈልጊያለሽ? አዎ፣ አይ። እታለም በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባት "አይ" ከሚለው ሌላ ነክታ አታውቅም።

"አዎ" አለችና ተጫነችው።

ሥዕሏ ጠፋች። በሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ግን መቶ ነው። ሁለተኛዋን አጠፋች። አሁንም መቶ። "እየቀነሰ አይደለም" አለች ኃላፊዋ በሹክሹክታ። ሦስተኛዋን ስታጠፋ ዘጠና አራት አለ፤ ተመልሶ መቶ ሆነ፤ እንደገና ዘጠና። ከጥቁሮቹ የቀረችው ያቺ የተጠራጠረቻት ናት። እታለም በልቧ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ከመሃል ጀመረች። ነካቻት።

ሰማያዊውም ገጽ አብሮ ጠፋ።

ስክሪኑ ባዶ ነጭ ሆነ። ኃላፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እታለም አልጮኸችም፤ የገደልኳት እኔ ነኝ ብቻ አለች በሆዷ፣ ደጋግማ፣ የገደልኳት እኔ ነኝ። ማራገቢያው ሲያጓራ ቆይቶ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ከዚያም ዝም ሊል ምንም አልቀረው። ያኔ ከነጩ መሃል ሰማያዊው ተመልሶ ወጣ፤ ቅድም የተጫነቻቸው ፍለጋዎች ሁሉ ተከታትለው ደረሱና አሥራ አንዱ ስሞች በቢጫ ተሰለፉ።

ለደስታ ጊዜ አልነበረም። የመጀመሪያው ለጋሽ ስልክ አያነሳም። ሁለተኛዋ ከሰጠች ወር አልሞላትም። ሦስተኛው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሱቁ ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ ማዶ ነው።

"አሁን? ደንበኛ ወንበር ላይ አለ እናቴ፣ ግማሹን ነው የላጨሁት።"

እታለም በሰው ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። "ከነግማሹ ይምጣ!" ብላ ጮኸች። "ትሰማኛለህ? ከነግማሹ!"

ከሩብ ሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ከነሽርጡ ገባ። ከኋላው ራሱ በአንድ ወገን ብቻ የተላጨ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ የጠመጠመ ጎልማሳ ተከትሎታል። "ጥሎኝ ሊሮጥ ሲል አብሬው ሮጥኩ" አለ ሰውዬው። "እንዲህ ሆኜ ብቻዬን መንገድ ላይ ብታይ ምን ይሉኛል?"

ደሙ ተወሰደ፣ ተመረመረ፣ መለያ ተለጠፈበት፤ ለሰባት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ወደ ላይ ወጣ። ስምንት ሰዓት ላይ ከእነዚያው ስሞች ሌላ ለጋሽ መጥታ ሁለተኛ ከረጢት ተከተለ። ከዚያ በኋላ ከላይ ምንም አልተሰማም። ደውላ ብትጠይቅ ሥራ ታስተጓጉላቸው ይመስላታል፤ አልደወለችም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ኃላፊዋ አንድ ደብዳቤ ይዛ መጣች። "መዝገቡ ወደ አዲስ ፕሮግራም እንዲዛወርልን ለዋናው ቢሮ ጽፌያለሁ። ነገ ጠዋት ስብሰባ አላቸው፤ ዛሬ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ካልደረሰ ለሚመጣው ዓመት ነው የሚያዩት። የዛሬው ችግር ምክንያት የሚጻፍበትን ቦታ ግን ባዶ ትቼዋለሁ።"

"ለምን?"

"አንቺ ጻፊውና አድርሺው። እንደሆነው ጻፊው፣ ማንም አይበላሽም እታለም።"

ቢሮው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ በእግር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እታለም እስክሪብቶዋን አነሳች። "እኔ ፈርቼ" ብላ ጻፈች። እጇ ቆመ። ስልኩን አየች። አሥር ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጮኸ፤ ዘልላ ስታነሳው የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን የሚፈልግ ሰው ነው። አሥር ተኩል ሆነ። እሷ ከክፍሉ ወጥታ ሳለ ቢደውሉ፣ ማንም ባያነሳ፣ ሌላ ደም ፈልገው ቢሆንስ? አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ሲቀረው ደብዳቤውን አጥፋ ተነሳች፤ እጀታውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

አሥራ አንድ ከሰባት ደቂቃ ላይ ተደወለ።

"ደሙ ቆመ" አለች አዋላጇ። ድምጿ ዝሏል። "ነቅታ ውሃ ጠየቀችን። ዛሬን እናያታለን ገና፣ ግን ነቅታለች።"

"ልጁስ?"

"አይሰማሽም እንዴ ሲጮህ?"

እታለም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ይሰማል። አዋላጇ ከዘጋችው በኋላም ጥቂት ቆይታ ነው ያስቀመጠችው። በመስኮቱ በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የዋናው ቢሮ ዘበኛ የብረት በሩን ሊዘጋ እየጎተተ ነበር፤ ደብዳቤው ሁለት ቃል ተጽፎበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።