ሳልለካ የሞላሁት ደብተር

ከጥቂት ዓመታት በፊት የደም ግፊት ባለባቸው፣ ወደ ካናዳ በመጡ ስደተኞች ላይ በሚካሄድ አንድ ጥናት ውስጥ ገብቼ ነበር። ጥናቱን የምትሠራው ለሁለተኛ ዲግሪዋ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ እዚሁ ካልጋሪ የተወለደች የሀበሻ ልጅ ናት። ቴምፕል ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጥታ የመለኪያ ማሽንና አንድ ቀጭን ደብተር ሰጠችኝ። ለሁለት ወር ጠዋትና ማታ እየለካሁ ቁጥሩን እንድጽፍ ነበር። አማርኛዋ ይሰባበርባታል፤ ቢሆንም "እትዬ" ሳትለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨረሰችም።

የመጀመሪያውን ሳምንት በደንብ ለካሁ። ከዚያ በኋላ የምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ሺፍቴን ቀያየረውና ማሽኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። ደብተሩን የማስረክብበት ቀን ሲደርስ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ መሪው ላይ አስደግፌ ሞላሁት። መቶ ሠላሳ በሰማንያ። መቶ ሃያ አምስት በሰማንያ። እውነት እንዲመስል አንዳንዱን ቀን ከፍ አደረግኩት። ልጅቷ ደብተሩን በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነችኝ። እኔም ረሳሁት።

ከዓመት በኋላ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል መጣልኝ። ለተማሪዎችና ለጀማሪ ተመራማሪዎች ሽልማት የሚሰጥ ኮሚቴ አለ፤ በጥናት ተሳትፎ የሚያውቅ አንድ የማኅበረሰብ አባል እንፈልጋለን ይላል። መጀመሪያ በስህተት የተላከልኝ መስሎኝ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሴት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ደውለው ራሳቸው አስረዱኝ።

"ብዙ ጽሑፍ ያሳተመ ተማሪን ሁሉም ይሸልመዋል" አሉኝ። "እኛ የምንፈልገው ሥራውን ከፍቶ ያሳየውን ነው። ሳይጀምር ምን ሊያደርግ እንዳሰበ በይፋ ያስቀመጠ፣ የተሳታፊዎቹን ማንነት ደብቆ መረጃውን ለሌሎች ያጋራ፣ ያልተሳካለትንም የጻፈ።"

"እኔ ሳይንስ አልተማርኩም" አልኳቸው።

"የተማሩት አሉን። እርስዎ የሚነግሩን፣ ያነበቡት ነገር ገብቶዎት እንደሆነና የጻፈውን ሰው ያምኑት እንደሆነ ነው።"

እሺ አልኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ማመልከቻዎቹ ስም ሳይጻፍባቸው ተላኩልኝ። ቅዳሜ ከሥራ ውጭ ስለነበርኩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ የማይገቡኝን ቃላት ወረቀት ላይ እየጻፍኩ አነበብኩ። የመጀመሪያው ስለ ወንዝ ውኃ የሚያጠና ተማሪ ነው፤ የሠራውን ኮምፒውተር ፕሮግራም ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት አውጥቶታል። ወደድኩት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን ማንበቤን አቆምኩ። የደም ግፊት፣ ቤት ውስጥ መለካት፣ ሁለት ወር፣ ደብተር ይላል። የኛ ጥናት ነው።

ተማሪዋ የጠበቀችውን ውጤት እንዳላገኘች በግልጽ ጽፋለች። ከታች ደግሞ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ አንዳንድ ደብተሮች ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ በዜሮ ወይም በአምስት ያልቃሉ፤ ከዳር እስከ ዳር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ጊዜ የተጻፉ ይመስላሉ። አልጣልኳቸውም፤ ውጤቱን ከነሱ ጋርም ያለነሱም አስልቼ ሁለቱንም አሳይቻለሁ። ጥፋቱ የተሳታፊዎቹ ነው ብዬ አላምንም፤ ደብተሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ተነስቼ ውኃ ጠጣሁና ተመልሼ ያንኑ አነበብኩ። ማንም አያውቅብኝም፣ ዝም ማለት እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። ከፍ ያለ ነጥብ ብሰጣት ጥፋቴን በነጥብ የካስኩ ይመስለኛል። ዝቅ ባደርገው ደግሞ ራሴን መደበቄ ነው። በሁለቱም በኩል ቀና መሆን አልቻልኩም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ሆኜ ለፕሮፌሰሯ ደወልኩ።

"ሦስተኛዋን ልዳኛት አልችልም" አልኳቸው። "ጥናቷ ውስጥ ነበርኩ። ከጠቀሰቻቸው ደብተሮች አንዱ የኔ ነው።"

ቅር ይላቸዋል ብዬ ጠበቅኩ።

"ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አሉ። "እሷን እኛ እናያለን። ሌሎቹን እርስዎ ይዩልን።"

"ከኮሚቴው ልውጣ?"

"ለምን? የሚገባውን አድርገዋል እኮ።"

በስብሰባው ቀን ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ቀልጦ ስለነበር ከትሬኑ ጣቢያ እስክደርስ ጫማዬ ረጠበ። ስለ ወንዙ ተማሪ የምለውን አልኩ። የልጅቷ ተራ ሲደርስ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጥኩ። የሚሉት አይሰማኝም። በጣም የረዘመ መሰለኝ። ሲጠሩኝ የማንንም ፊት ሳላይ ገባሁ። በመጨረሻ ሽልማቱ ለሁለት ተካፈለ፤ ለወንዙ ልጅና ለእሷ።

የሽልማቱ ፕሮግራም አጭር ነበር፤ ሳንድዊችና ጭማቂ። ልጅቷ ከሩቅ አይታኝ መጣች።

"እትዬ! እርስዎ እዚህ? ኮሚቴ ነዎት እንዴ?"

"አዎ። ያንቺን ግን አልዳኘሁም። የምነግርሽ ነገር አለኝ።" ወደ መስኮቱ ወሰድኳትና ሁሉንም ነገርኳት፤ መኪናውን፣ እስክሪብቶውን፣ አንዳንዱን ቀን ከፍ ማድረጌን።

አልተቆጣችም። "አይ ኖው፣ አውቃለሁ" አለች ቀስ ብላ። "የእርስዎ መሆኑን አይደለም፣ ላይክ፣ ማለቴ፣ ሰዎች እንደዚያ እንዳደረጉ። እማዬም እንደዚያ ነው የምታደርገው። ግን ለምን? ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።"

"ደብተሩ ጠዋትና ማታ ይላል። እኔ አንዳንዴ ጠዋት ነው የምተኛው። የቱ ነው የኔ ጠዋት? ደግሞ ባዶ ሰጥቼሽ ማፈር አልፈለግኩም። ባዶ መተው እንደሚቻል አላወቅኩም ነበር።"

ስልኳን አወጣችና መጻፍ ጀመረች። ሰዎች እንኳን ደስ አለሽ ሊሏት ከኋላዋ ቆመዋል፤ እሷ ትጽፋለች።

"ይህን ከመረጃው ጋር ላስቀምጠው እችላለሁ? ስም ሳልጠቅስ።"

"አስቀምጪው" አልኳት።

ለሚቀጥለው ጥናቷ አዲስ ደብተር ስታዘጋጅ እኔንም ጠራችኝ። "ከእንቅልፍ ስነሳ" እና "ከመተኛቴ በፊት" ይላል አሁን፤ "አልለካሁም" የሚል ሳጥንም አለው። አማርኛውን አብረን አረምነው፤ እሷ "እንቅልፍ" መጻፍ አቅቷት ስትስቅ ነበር። ከዚያ እንዲሞክሩት ማርቲንዴል ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬንና አንዲት ሌላ ሴት እዚያው ጓደኛዬ ቤት ሰበሰብኩላት።

ጓደኛዬ መነጽሯን አድርጋ ከደብተሩ ጋር የተሰጣትን የስምምነት ቅጽ እስከ መጨረሻው አነበበችና "ይህን ቁጥር ማን ያየዋል?" አለቻት።

ልጅቷ በዚያ በሚሰባበረው አማርኛዋ አስረዳች። ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን ይሰረዛል፤ ቁጥሩ ብቻ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ አገር ያለ ተመራማሪም ሊያየው ይችላል። ካልፈለጉ ቁጥሩ እዚያ ሳይቀመጥ መሳተፍ ይቻላል። መሐል መንገድ ላይ ማቆምም ይቻላል።

ሌላዋ ሴት ወዲያው ፈረመች። ጓደኛዬ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ላስብበት" አለች።

"ኦኬ ነው፣ እትዬ" አለቻት ልጅቷ። "ሁለት ሳምንት አለን።"