ከውኃ የሚሸሹበት ሜዳ

ባለፈው ሚያዝያ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስጓዝ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎብዬ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩና ረዳቱ ጎማ እስኪቀይሩ ከፀሐዩ ልጠለል ብዬ ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ግድግዳዋ ላይ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር ተሰቅሏል። ሥዕሉ የተከረከመ ሣር የለበሰ፣ ጉብታው ሁሉ በመዳፍ የተዳሰሰ የሚመስል ሰፊ ሜዳ ነው። መካከሉ ላይ ሰማያዊ ኩሬ ተኝቷል፤ ከኩሬው ማዶ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ቀይ ባንዲራ ይውለበለባል። ሻዬን እንደያዝኩ ዐይኔ እዚያው ቀረ።

«አባቴ፣ ሥዕሉን ወደዱት እንዴ?» አለችኝ ባለ ሻይ ቤቷ። «ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል። ለውኃው ስል ነው ያልጣልኩት፤ ሲያዩት ጥም አይቆርጥም?»

ከጎኔ ፓስቲ የሚበላ ገበሬ ቀና ብሎ አየና «ይኼ ሁሉ ሣር ተኝቶ አንድ ላም እንኳ የለበትም። ሰዎቹ ምን ነክቷቸው ነው?» አለ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ያ ውኃ እዚያ የተቀመጠበትን ምክንያት አውቅ ነበርና አልሳቅሁም።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ቆቦ ከተማ በአንድ የልማት መሥሪያ ቤት የፕላን ነዳፊ ነበርኩ። ቀያሾች ከመስክ ያመጡትን ልኬት በስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም እነድፋለሁ። መስመሬ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማንም ያላስተባበለው ስለሆነ ነው። በዚያን ጊዜ የከርሰ ምድር ውኃ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ አማካሪ ለመሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር ከባለ ቀለም ማተሚያው ጋር ይዞ መጣ። ሰውዬው ጎልፍ የሚባል ጨዋታ ፍቅር ነበረበት። ከሥራ በኋላ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ትንሽ ነጭ ኳስ ሲመታ ያመሻል። አያ ካሣ የሚባሉ ጎረቤታችን፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው፣ አንድ ቀን ቆመው ሲያዩት ቆዩና «ይህ ሰው ገናን ብቻውን ነው እንዴ የሚጫወት? ያውም በሰኔ! ተጋጣሚዎቹ ጥለውት ሄደው ይሆናል» አሉ።

አማካሪው በኮምፒዩተሩ ውስጥም ይህንኑ ጨዋታ ጭኖ ነበር። ጨዋታው ራሱ አልማረከኝም። የማረከኝ ተጫዋቹ የራሱን ሜዳ እንዲሠራ የተፈቀደበት ክፍል ነው። መሬት በጣት ጫፍ ትነሣለች፣ ትወርዳለች፤ ሣር፣ አሸዋና ዛፍ እንደ ቀለም ይቀባሉ፤ ከዚያ በሠሩት ሜዳ ላይ እንደ ቆመ ሰው ዙሪያውን ማየት ይቻላል። ዕድሜውን በሙሉ መሬትን ከላይ በመስመር ብቻ ላየ ነዳፊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ይቸግረኛል። የማላውቀውን አገር መፍጠር ስላልፈለግሁ በእጄ ያለውን ልኬት ወስጄ ከሮቢት በስተምሥራቅ ያለውን የመንደራችንን ሜዳ ሠራሁ። ዳገቱ ዳገታችን፣ ከወደ ምሥራቅ የሚታየው የዞብል ተራራም በትክክል ዞብል ነበር። የወል ግጦሻችን ላይ ኳሱ የሚገባበትን የመጨረሻውን ጉድጓድ ከነባንዲራው አኖርኩ። አማካሪው አየና ሥራዬን ካደነቀ በኋላ «አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ውኃ ጨምርበት። ተጫዋች የሚፈራው ነገር ከሌለ ሜዳ አይባልም» አለኝ። ኳስ ውኃ ውስጥ ከገባ ተጫዋቹ ይቀጣል። በግጦሹ መካከል ሰፊ ኩሬ አስተኛሁ፤ ርቀቱ ዐይንን እንዲያታልል ብዬም ዳርቻውን ጠመዘዝኩት።

ቆላችንን ለማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት አለብኝ። እኛ ዘንድ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ከሰማይ ዝናብ ባልተናነሰ ይጠበቃል። በሐምሌ ከቀትር በኋላ የእኛ ሰማይ ጠርቶ ሳለ ደጋው ይጠቁራል። መጀመሪያ የረጠበ አፈርና የተነቀለ ቅጠል ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል፤ ወንዱ ሁሉ አካፋውን ይዞ ይወጣል። በእሾህ፣ በድንጋይና በአፈር የተሠራው ግድብ ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳ ካልመለሰው ውኃው ወደ አፋር በረሃ ነጉዶ ይሄዳል፤ ማሽላውም በቁሙ ይደርቃል። ግድቡ ደግሞ በየክረምቱ ይፈርሳል።

የማን ማሳ ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚወስን ሰው መንደሩ ይመርጣል፤ የውኃ አባት ይባላል። አባቴ ይመር የውኃ አባት ነበር። ሥርዓቱ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፤ የውኃ አባት ማሳ የሚጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ጎርፉ ካነሰ ሳይጠጣ ይቀራል። የጎረቤቶቻችን ማሽላ ፍሬ ከብዶት አንገቱን ሲደፋ የእኛው ቀጭጮ የቀረበት ዓመት ብዙ ነው። እናቴ ስታማርር አባቴ «የሚያምኑኝ እኮ ኋለኛ ስለሆንኩ ነው» ይላት ነበር። ለእሱ መጨረሻ መሆን ማዕረግ ነበር።

መንደሩ ለዓመታት ሲለምን የኖረው በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ የማይፈርስ የጎርፍ መጥለፊያ ነው። ጥያቄው በስንት ደጅ ጥናት ተፈቅዶ ፕላኑን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ ከነደፍኳቸው ሁሉ የምኮራበትም እሱ ነው። ያን ሰሞን ከበላይ እንግዶች መጥተው የልማት ዕቅዶችን ይጎበኛሉ ተባለ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ገዛኸኝ ወደ ክፍሌ ሲገቡ ኮምፒዩተሩ በርቶ ነበር።

«ይህ የት ነው?»

«ጨዋታ ነው ጌታዬ። ጎልፍ የሚባል የፈረንጅ…»

«የት ነው አልኩህ እንጂ ምንድን ነው አላልኩህም።»

«ቦታው የመንደራችን የወል ግጦሽ ነው።»

ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «አትመው» አሉኝ። «በትልቁ።»

«ለእንግዶቹ የመጥለፊያው ፕላን ተዘጋጅቷል እኮ።»

«እሱ ጥቁር መስመር ነው። እንግዳ መስመር አያይም፤ እንግዳ የሚያየው አረንጓዴ ነው።»

ስብሰባው በመንደራችን ግራር ሥር ተደረገ። ከብዙ ወረቀት ተገጣጥሞ የተለጠፈው ሥዕል በግንዱ ላይ ተሰቀለ፤ የመጥለፊያው ፕላን እንደተጠቀለለ ከአቶ ገዛኸኝ ወንበር ሥር ተቀምጧል። ኃላፊው ስለ አረንጓዴ ልማት ተናገሩ፤ መንደሩ የወል ግጦሹን ከለቀቀ ቦታው ታጥሮ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ሁሉ እንደሚሠራ ገለጹ። አባቴ ተነሥቶ ወደ ሥዕሉ ቀረበና ሰማያዊውን በዱላው ጫፍ ሳይነካ አመለከተ።

«ይህ የተኛው ውኃ ነው?»

«ውኃ ነው አባታችን» አሉ አቶ ገዛኸኝ።

«የሠራው ማነው?»

«የእርስዎ ልጅ ነዋ!»

ያን ጊዜ ተነሣሁ። «ይህ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሥዕል ነው። ውኃው መስኖ አይደለም። የመጥለፊያው ፕላን ሌላ ነው፤ እዚሁ ከወንበሩ ሥር አለ» አልኩ። ቃሎቼን ዛሬም አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ፤ ግልጽ ነበሩ። አቶ ገዛኸኝ ግን ብድግ ብለው ትከሻዬን አቀፉና «ሰማችሁ? ይህን የመሰለ ሥራ ሠርቶ ጨዋታ ነው ይላል። ትሕትናው የአባቱ ነው!» አሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ሕዝቡም ተከትሎ አጨበጨበ።

«ይመር፣ ያ ፈረንጅ ብቻውን ሲጫወት የነበረው ለካ የኛን ውኃ ሲፈልግ ኖሯል!» አሉ አያ ካሣ፤ ሳቁ ከጭብጨባው በለጠ።

አባቴ እጁን አነሣ። «እኔ ልጄን ሰይድን አምነዋለሁ። ግጦሹን እንስጥ። ውኃው ሲገባ እንደ ወትሮው በየተራ እናጠጣለን፤ እኔም እንደ ወትሮዬ መጨረሻ።» እሱ ካነሣ በኋላ ያልተነሣ እጅ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ የማሽላ እንጀራ በአሬራ ቀርቦልን ሳለ ነገርኩት።

«አባ፣ ያ ውኃ ውሸት ነው።»

«ውኃ ደግሞ እንዴት ይዋሻል?»

«በዚያ ጨዋታ ኳስ በዱላ ይመታል። ውኃ ውስጥ የገባበት ሰው ይቀጣል። ውኃው የተቀመጠው እንዲሸሹት ነው።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቆመ። «ውኃ አይቶ የሚሸሽ ሕዝብ አለ?»

«አለ አባ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ከነሱ አላደረገን» አለና ጎረሰ።

«ነገ ይሂዱና ቃልዎን ያንሡ። ሰው ይሰማዎታል።»

«ምን ብዬ? ልጄ የሠራው ውሸት ነው ብዬ? ያ ሰውዬ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ውኃ ነው ብሏል። ባይኖርም እንኳ አፍሮ ያመጣዋል።»

«አያፍርም አባ።»

«ያፍራል» አለኝ። የሰውዬውን ባሕርይ እንደማውቅ ሳይሆን ጨርሶ እንደማላውቅ ሰው አየኝ። በሕዝብ ፊት የተናገረውን የሚረሳ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን አባቴ አያውቅም ነበር።

ግጦሹ በሽቦ ታጠረ። ቁፋሮው ሲጀመር ሄጄ አየሁ፤ ጉድጓዱን ሥዕሉን እያዩ ነበር የሚቆፍሩት፤ ዐይን እንዲያታልል ብዬ የጠመዘዝኩት ዳርቻ ሳይቀር በአፈር ላይ ወጣ። ውኃ የሚገባበት ቦይ ግን በሥዕሉ ላይ ስለሌለ አልተቆፈረም። በክረምቱ ዝናብ አጠራቀመና ሰው ተደሰተ፤ ጥቅምት ላይ ጭቃ ሆነ፤ በታኅሣሥ ተሰነጣጠቀ። በጋው ሲጠና ላሞቹ ሽቦው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ቆሙ። ሰው እስከ ዋጃ ድረስ ሄዶ ገለባ ገዛ። መጥለፊያው ሲጠየቅ ለመንደሩ የተመደበው ገንዘብ በአጥሩና በቁፋሮው አልቋል የሚል መልስ ተሰጠ። ለበላይ አካል በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ውጤቱ ወደ ሌላ ወረዳ መዛወሬ ነው። አቶ ገዛኸኝ ደግሞ ከፍ ወዳለ ወንበር ሄዱ፤ ሲሸኙ ያ ሥዕል በመስታወት ተለብጦ እንደተሰጣቸው ሰምቻለሁ።

በተከታዩ ሐምሌ ፈቃድ ወስጄ መንደር ነበርኩ። ደጋው ጠቆረ፤ ሽታው መጣ፤ ሁላችንም ወጣን። አባቴ እንደ ወትሮው የውኃ አባቶች የሚይዙትን ዱላ ተመርኩዞ ግድቡ ላይ ቆመ። የመጀመሪያውን ስም ሊጠራ አፉን ሲከፍት አያ ካሣ ወደ እሱ ቀረቡ። በፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ይመር ወንድሜ፣ ዘንድሮ ያንተ ማሳ ይቅደም።»

እንግዳ ሰው ቢሰማው ምርቃት ይመስለዋል፤ የሚቀድም ግን የውኃ አባት አይደለም። አባቴ የሰውን ፊት በየተራ አየ፤ ሁሉም ወደ ውኃው ይመለከታል።

«እኔ? እኔ ልቅደም?»

«ደክመሃል። ይቅደምልህ።»

ማንም አልሰደበውም፤ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነገረም። ቢሰድቡት ይሻለኝ ነበር። አባቴ ዱላውን ጭቃው ላይ ተከለና ወደ ቤቱ ሄደ። እነሱም ውኃውን ወደ ማሳችን መልሰው፣ ሞልቶ እስኪተኛ ድረስ አካፋቸውን ይዘው ጠበቁት። ፍትሐዊነታቸው እንከን አልነበረውም።

በዚያ ዓመት የእኛን ያህል ያማረ ማሽላ በመንደሩ አልታየም። አባቴ ግን አንዲት ፍሬ አልቀመሰም። ምግብ ሲቀርብ «የየት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከማሳችን ከሆነ ሰሐኑን በዝግታ ገፋ አድርጎ ይነሣል። እናቴ ለእሱ ብቻ ከቆቦ ገበያ እህል ስታስገዛ ከረመች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ወቅሶኝም አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ከምንም ተነሥቶ «ያ ኳስ ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ያወጡታል ወይስ ይተዉታል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ይተዉታል አባ። ሌላ ያመጣሉ።»

ራሱን ነቀነቀ።

በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ነገር ይቅር ብያለሁ፤ ይህን ግን አላልኩም። እውነቱን በሰዓቱ፣ በአደባባይ፣ በግልጽ አማርኛ ተናግሬ በጭብጨባ ነው የተቀበርኩት። መንደሬ ዛሬም ጉድጓዱን «የይመር ኩሬ» ይለዋል። የአቶ ገዛኸኝን ስም የሚያነሣ የለም።

ሚኒባሱ ጥሩምባ ሲነፋ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ተሳፋሪው በሩ ላይ ተጋፍቷል። ረዳቱ ሽበቴን አይቶ ክንዱን ዘረጋና ሰውን ከለከለልኝ። «ገለል በሉ እንጂ! አባት ይቅደሙ! ይግቡ አባቴ፣ ይቅደሙ!»

«እናንተ ግቡ» አልኩት። «እኔ መጨረሻ እገባለሁ።»

ግራ ገብቶት አየኝ። ሁሉም ገብተው ሲያበቁ ተሳፈርኩ። የቀረው ወንበር በቀኝ መስኮት በኩል ነበር፤ ሮቢትን ስናልፍ ጉድጓዱ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። መጋረጃውን አልሳብኩም።