ቀይ ክብ ያለበት ቀን

ያደግሁት ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ነው። ሁለተኛ ደረጃን በጨረስኩበት ዓመት ውጤቴ ከጠበቅነው በላይ መጣና ኤሌክትሪክ ምህንድስና ደረሰኝ። እናቴ የመግቢያ ወረቀቱን ይዛ እልል አለች። ዐረብኛ ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን የያዘችው ገልብጣ ነበር። እኔ ግን ላለመማር ከቆረጥኩ ወር አልፎኝ ነበር።

ትምህርት ሲዘጋ ጋሼ በምላቸው አንድ የጎንደር ሰው ሱቅ ሙከይፍ እጠግን ነበር። ሙከይፍ ማለት የካርቱም ሰው ሙቀቱን የሚያልፍበት ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ጎኖቹ በገለባ ይሞላሉ፣ ፓምፕ ውሃ ያፈስበታል፣ ማራገቢያው ቀዝቃዛውን አየር ወደ ቤት ይነፋል። ጋሼ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ለጥፈው የቱ ጋ እንደተበላሸ ይናገራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሳሳቱም። እኔ የምወደው ጥገናው ካለቀ በኋላ ያለውን ነበር። ውሃው ገለባው ውስጥ ሲወርድ ይሰማል፣ ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፣ ስንሠራ ሲነጫነጭብን የቆየው የቤቱ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ጋሼ ጠቅልለው አገር ሊገቡ ነበር። "ሱቁን ከአንተ ሌላ ለማን ልተወው?" ብለውኛል።

እናቴ ደግሞ አል-ማንሺያ ሰፈር ውስጥ አንድ መሐንዲስ ቤት ትሠራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰውየውን ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራለች። ያረጀውን ልብሳቸውን ይሰጧታል፤ እሷም ለጎረቤት ታድላለች። አንዱን ነጭ ሸሚዝ ግን ለማንም አልሰጠችም። አንገቱን ገልብጣ ሰፍታ፣ ዩኒቨርሲቲ የምገባበት ቀን እንድለብሰው ሻንጣዋ ውስጥ አስቀመጠችው። "ኢንሻላህ" ትላለች ባየችው ቁጥር፤ ወዲያው ደግሞ ታማትባለች።

"ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው?" አለችኝ ያን ቀን።

"ሃያ ላይ።"

ቀይ እስክሪብቶ አነሳችና ከቤተ ክርስቲያን ወደገዛነው የአማርኛ ቀን መቁጠሪያ ሄደች። መስከረም ሃያን ከበበችው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ሃያ ነበር፤ እሱ ካለፈ ከአሥር ቀን በኋላ ነው የእኛ መስከረም ሃያ የሚመጣው። እዚህ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ለጾምና ለበዓል በአንዱ አቆጣጠር፣ ለመኖሪያ ወረቀትና ለደሞዝ በሌላው ይኖራል፤ አንዳንዴ ይምታታበታል። ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። "እማዬ፣ እሱ አይደለም" ማለት ነበረብኝ።

"አየህ፣ ገና ጊዜ አለን" አለችኝ ደስ ብሏት።

"አዎ፣ አለን" አልኩ።

ዝም ላልኩበት ብዙ ሰበብ አለኝ። የውጭ አገር ሰው በዲግሪው እዚህ ሥራ አያገኝም፤ ዲግሪያቸውን ይዘው ረክሻ፣ ማለትም ባጃጅ፣ የሚነዱ ሁለት የሰፈራችን ልጆች አውቃለሁ፤ የእጅ ሙያ ግን የትም ሄደህ አይጥልህም። ሁሉም እውነት ነው። ከሁሉም የሚበልጠው እውነት ግን ፊቷን እያየሁ "አልማርም" ማለት መፍራቴ ነው። ቀኑ አልፎ በእኔ ፋንታ እንዲነግራት ፈለግሁ።

እውነተኛው የመዝጊያ ቀን ሲደርስ ከጋሼ ጋር ጣሪያ ላይ ነበርኩ፣ አሮጌ ገለባ ስናወጣ።

"እናትህ ስለ ሱቁ ምን አለች?" አሉኝ።

"እሺ ብላለች፣ ጋሼ።"

"ደግ ሴት ናት" አሉና መፍቻውን አቀበሉኝ።

ቢሮዎች የሚዘጉበት ሰዓት እስኪደርስ ሰዓቴን በስርቆት ሳይ ዋልኩ። ሲያልፍ እፎይ አልኩ። ከዚያ ጋሼን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በእኛ መስከረም አሥራ ስምንት እናቴ ወረቀቱን ይዛ ሥራ ሄደች፤ መሐንዲሱ ለምዝገባው ዳሚን፣ ማለትም ዋስ ሊሆኑኝ ቃል ገብተውላት ነበር። ማታ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ባሽሙሃንዲሱ ወረቀቱን አይተው 'ኸላስ፣ ይሄ አልፏል' አሉኝ። ከተዘጋ ስምንት ቀኑ ነው" አለች። ቀይዋን ክብ እያየች ነበር። "እኔ ነኝ፣ ልጄ። እኔ ደንቆሮዋ በእጄ ከብቤ ዕድልህን ያበላሸሁት። ይቅር በለኝ።"

ይቅር አልኳት። "ምንም አይደለም፣ እማዬ፣ ሰው ይሳሳታል" አልኳት፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ሱቁን ተረከብኩ። ሥራው ሄደልኝ፤ ዛሬም እወደዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እናቴ ነጩን ሸሚዝ ከሻንጣዋ አወጣችው። "እንግዲህ ልበሰው፣ ብል ከሚበላው" አለችኝ። ለበስኩት። ሳምንት ሳይሞላው ዝገትና የገለባ አቧራ ጠጣ። እሷ ግን በየሳምንቱ አጥባ፣ ልክ ለመሐንዲሱ እንደምታደርገው መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ እጅጌውን እያለች ትተኩሰዋለች። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተከተለ፤ አንድም ሳምንት አላጓደለችም።

አንድ ጠዋት ካውያውን ይዛ ቆማ ሳያት አላስቻለኝም።

"እማዬ፣ የሥራ ልብስ እኮ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ጭቃ ለሚሆነው ምን ያደክምሻል?"

ቀና አላለችም። "ታዲያ ያጠፋሁብህን በምን ልካስህ?" አለችና ቁልፎቹን እያለፈች ደረቱን ተኮሰችው።

አፌን ከፈትኩ። ክቡ ልክ እንዳልነበረ እያወቅሁ ቀኑን ማሳለፌን ያኔ ብነግራት ካውያው ከእጇ የሚወድቅ መሰለኝና ተውኩት። ሸሚዙን አጥፋ ሰጠችኝ። ለበስኩት፤ ገና ትኩስ ነበር።