የቆጡ እንጨት

ከትምህርት ቤት ቃል ጽሕፈት በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ እሱንም አራተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

ነቀምት ስዳር እናቴ ከአገሬ ከጉቴ አንዲት ገብስማ ዶሮ አስይዛኝ ነበር። በባሌ እናት ቤት የእኔ የምላት እሷ ብቻ ነበረች። ክረምቱ ሲገባደድ ቅንቅን ወረራት። ከራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጣ፤ ዕንቁላል መጣልም ተወች።

አማቴ ክንዳቸውን እያከኩ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ የጉቴ እመቤት አጃቢዎቿን ይዛ ነው የመጣች። ቅዳሜ ገበያ ካልወጣች እኔ ደጅ አድራለሁ» አሉኝ።

በትምባሆ ቅጠል ውሃ አጠብኳት። አመድ ነሰነስኩባት፤ ቆጡ ላይ የምትተኛበትን ሣር አቃጥዬ ሌላ ጎዘጎዝኩላት። ውሃውን ከምንጭ የማመጣው በጀርባዬ ነው። ታጥባ አድራ ስትነጋ እንደገና ሲርመሰመስባት አያለሁ። እጄ ትምባሆ ትምባሆ እየሸተተኝ ምግብ እንቢ አለኝ።

አንድ ጠዋት ላወርዳት ስል ቆጡን ጨበጥኩ። ከእንጨቱ የፈረጠ ቅንቅን መዳፌን በደም አቀላው። ለካ ቅንቅኑ ቀን ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ ተደብቆ፣ ሲመሽ እየወጣ ነው ደሟን የሚጠጣው። ያን ሁሉ ስደክም የኖርኩት በከንቱ ነበር።

ቆጡን ግን የሠሩት ሟቹ የባሌ አባት ናቸው። ምራት በእኛ ዘንድ የባሏን አባት ስም እንኳ አትጠራም፤ የእጃቸውን ሥራ እንዴት ይቃጠል ትላለች? ለባሌ ነገርኩት። እሱ የጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው፤ ጠመንጃ ይዞ ይቆማል።

«የአባቴን እንጨት? እናቴ ፊት? አንቺው ንገሪያት» ብሎ ወጣ።

ዓርብ ከሰዓት ዶሮዋን ከቆጡ አውርጄ ለነገው ገበያ እግሯን በቃጫ አሰርኩ፤ መዳፌ እንደገና በደም ቀልቶ ነበር። አማቴ መዳፌን አዩና፣ «እጅሽን ምን አገኘው?» አሉኝ። ቀና ብዬ ቆጡን አየሁ። ተነሥተው ጣታቸውን በስንጥቁ ላይ አስኬዱት። በደም የቀላውን ጣታቸውን ተመለከቱት።

«ሟቹ ባሌ እንኳ በሕይወቱ እንዲህ አልበላኝም» አሉ። ከዚያ ሳያዩኝ፣ «እግሯን ፍቺና ነይ፣ የቆጡን ያንን ጫፍ ያዢልኝ። እሳቱን የምለኩሰው ግን እኔ ነኝ።»