ኩራታችን ነህ
እዚህ አሜሪካ፣ የካውንቲያችን፣ ማለትም የአካባቢ አስተዳደራችን፣ ኮሚሽነሮች በተሰበሰቡ ቁጥር የፊት ወንበር የማይለቅ አንድ የአገሬ ሰው አለ። ኮቱ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ሰክቷል፤ እንኳን ከብት ሊነዳ ሣር ያልረገጠ እግሩን የካውቦይ ቦት ውስጥ ከቶታል። ወታደር ሲመሰገን ቀድሞ ተነስቶ መዳፉ እስኪቀላ ያጨበጭባል።

ዛሬ ግን ለሚዘምቱ የካውንቲው ሠራተኞች ደመወዛቸው ሳይቋረጥ የሚሰጠው ፈቃድ ይራዘም ሲባል፣ ማይክ ይዞ ተቃወመ። ወደ ወንበሩ ሲመለስ፣ የካውንቲው ሠራተኛና ተጠባባቂ ወታደር የሆነውን የሥራ ባልደረባዬን እንየውን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ብራዘር፣ ኩራታችን ነህ! ሶ፣ ማለቴ... ዊኬንድ ላይ ብትዘምትስ?"

ፈቃዱን የማራዘሙ ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ሰብሳቢዋ ከመበተናችን በፊት፣ "በውትድርና ያገለገላችሁ ተነሱ፣ እናመስግናችሁ" አሉ። እንየው ተነሳ። ሰውዬው የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ።

የካውቦይ ቦት ከመቼ ወዲህ ነው ክር ያለው?