የፈለቀ ተራ

ሙሉቀንን አውቀዋለሁ የሚል ሰው መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሞልቷል። ውሸታቸውን ነው። የሚያውቁት በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል፣ ፋይል ሲያወጣላቸውና ሲመልስላቸው፣ ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው። እኔ ጌታነሽ ግን ከመስኮቱ በስተጀርባ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ተጋርቼዋለሁ። ስለ እሱ ለመናገር ከእኔ የተሻለ ሰው ካለ ይምጣና ይናገር።

መጀመሪያ አስተማሪ ነበር። ደብረ ብርሃን ሠልጥኖ በ1986 ዓ.ም. ተመደበ፤ ዓመት ሳይሞላው ክፍል መቆጣጠር አልቻለም ተብሎ ወደ እኛ መዝገብ ቤት ተዛወረ። እውነትም አልቻለም። ተማሪ ሲጮህ እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እንዲህ ያለ ሰው ለፋይል እንጂ ለተማሪ አይሆንም። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተዋል፤ አንዲት እህቱ ግሼ ተድራ በዓመት አንዴም አትመጣም። ሚስት አላገባም። ሠርግ ሲጠራ ይሄዳል፣ ጥግ ይዞ ይበላል፣ መርቆ ይወጣል። ክፉ ሰው ስላልሆነ ማንም አይጠላውም፤ ማንም ቀረ ብሎ አይጠይቀውምም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረው። እሱን ለማስረዳት ትንሽ ከመንገድ መውጣት አለብኝ።

ደብረ ብርሃን ማሠልጠኛ ሳለ ከውጭ በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት በካርቶን ሲራገፉ፣ እሱና ጓደኛው ፈለቀ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኙ። የትምህርት መጽሐፍ አይደለም፤ የጨዋታ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ በከዋክብት መካከል ስለሚደረግ ጦርነት ይናገራል፤ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን በየወገናቸው፣ እያንዳንዱ በስንት እርምጃ እንደሚሄድና በምን እንደሚገድል። አብረውት መምጣት የነበረባቸው አሻንጉሊቶች የሉም፣ ሰሌዳውም የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለምን እንደሚጠቅም ስላልገባት ውሰዱት አለቻቸው።

ሙሉቀን መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቦ ተናደደ። ያን ንዴቱን ከዓመታት በኋላ ለእኔ ሲያወራልኝ እንኳ አልበረደለትም ነበር።

«ይሄ ሁሉ ፍጡር ይገዳደላል እንጂ ማን ያርሳል?» አለኝ። «የሞተውን ማን ይቀብራል? ሲጣሉስ ማን ያስታርቃቸዋል? ጸሐፊው ይሄን አልጻፈም።»

«ምን አስጨነቀህ? ጨዋታ አይደል?» አልኩት።

«ጨዋታም ቢሆን ሰው ይኖርበታል።»

ስለዚህ ራሱ ይጽፈው ጀመር። በመጽሐፉ ውስጥ በላተኞች የሚባል ወገን አለ፤ እንደ አንበጣ መንጋ ከኮከብ ወደ ኮከብ እየበረረ ያገኘውን ሁሉ የሚያግጥ፣ ልብ የሌለው፣ ሁሉም የሚፈራው። ሙሉቀን እነሱን ወሰደ። ሁልጊዜ የሚርበው ፍጡር ሕግ ከሌለው ራሱን በልቶ ያልቃል ብሎ አሰበና፣ ከከዋክብት ሁሉ የጠበቀውን ሕግ ለበላተኞች ሰጣቸው። ሕጉን ደግሞ ከሩቅ አላመጣውም። ከጓሳ አመጣው። እኛ አገር ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር ምድራችን ሲዘጋ ዝግ ነው፤ ሽማግሌዎች የመክፈቻውን ቀን እስኪቆርጡ ድረስ ሦስት ዓመትም ይሁን አምስት፣ በግ የሚያሰማራ፣ ማጭድ የሚያገባ የለም። ክረምት ቤቱ ቢያፈስ እንኳ ሰው ሣሩን ከሩቅ አይቶ ይመለሳል። የሙሉቀን በላተኞችም አንዲት ኮከብ ዘግተው፣ እየራባቸው ዙሪያዋን ከበው ይጠብቃሉ። እነዚያ ሁሉም የሚፈራቸው አውሬዎች ሲጾሙ፣ ሲቀብሩ፣ በሽማግሌ ሲዳኙ የሚያሳይ አራት ደብተር ሙሉ ጽፏል። እኔ ሁሉንም አንብቤያለሁ። እስቅበት ነበር፤ ግን አንብቤ ስጨርስ ቀጣዩን እጠይቀው ነበር።

ፈለቀ የመርሐቤቴ ልጅ ነው፤ ዓለም ከተማ አስተማሪ ሆኖ ተመደበ። እሱ የወሰደው ብረት ለበሶች የሚባሉትን ነው፤ ኮከባቸው ጠፍታባቸው የሚንከራተቱ ወታደሮች። ፈለቀ የዝግ ሣር ሕግ ያልነካው የቆላ ሰው ነውና፣ እነሱን ሁሉንም የሚዳፈሩ ቀልደኞች አደረጋቸው። ሁለቱ በደብዳቤ ይዋጉ ነበር። ሙሉቀን የክትባት ፖስተሮችን ጀርባ አገጣጥሞ ሰማዩን ስሎ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል፤ ከመኪና ጋራዥ የተጣለ አሮጌ ካንዴላ ብረት ለበስ ነው፣ የደረቀ ባቄላ በላተኛ ነው። አንዱ አንድ እርምጃ ጽፎ ይልካል፤ ደብዳቤው በደብረ ብርሃን ዞሮ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ሌላው ይመልሳል። የፈለቀ ደብዳቤ ሲመጣ ሙሉቀን ለእኔ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብልኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ድምፁ ከፍ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

«ውድና የተከበርክ ጠላቴ ሆይ» ይላል ፈለቀ። «ሠራዊቴ የዘጋኸውን ሣር አይቶ ምራቁን ዋጠ። ሕግህን አነበብኩላቸው፤ ወዲያው አጥሩን ዘለው ገቡ። ምን ላድርግ፣ ጆሮአቸው ብረት ነው። አክባሪ ጠላትህ፣ ፈለቀ።»

ሙሉቀን ይበሳጫል፣ ይስቃል፣ መልሱን ሲያስብ ይሰነብታል። ሰው አብሮት እንዳለ ያስታውቅበት ነበር።

በ1991 ዓ.ም. ፈለቀ ወደ ጦሩ ሄደ። ከግንባር ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። የመጨረሻው አጭር ነበር፤ «ተራው የእኔ ነው። እዚህ ማሰቢያ ጊዜ የለም። አስቤ እልክልሃለሁ፤ ሳልመልስ እንዳትነካኝ» ይላል። ከዚያ ዝም አለ።

ጦርነቱ በቀጣዩ ዓመት አለቀ። ደብዳቤ አልመጣም። ሙሉቀን በሕጉ ደብተር ላይ አዲስ መስመር ጨመረ፤ ዝም ያለ ተጫዋች አገሩ ዝግ ነው፣ ራሱ እስኪከፍተው ድረስ ማንም አይገባበትም። ሦስት ዓመት አንድ ባቄላ ከቦታው አላንቀሳቀሰም። በየሳምንቱ ካንዴላዎቹን አንስቶ አቧራቸውን ይጠርጋል፣ በነበሩበት ይመልሳቸዋል። የፖስታ ቀን ሲሆን ሳልጠይቀው «ዛሬም የለም» ይለኛል። እኔም ሁላችንም የምንጠረጥረውን፣ ሞቶ ይሆናል የሚለውን ነገር አፌ ላይ አድርሼ እመልሳለሁ።

በ1995 ዓ.ም. ለማኅደር አያያዝ ሥልጠና ዓለም ከተማ ተላክሁ። ሙሉቀን ይህን ሲሰማ ከፈለቀ የድሮ ደብዳቤዎች አንዱን ከነፖስታው ሰጠኝ። «አድራሻው ጀርባው ላይ አለ። ቤታቸው ጎራ በይና ጠይቂልኝ። ተራው የእሱ መሆኑን ብቻ ንገሪው» አለኝ።

ጎራ አልኩ። የፈለቀ እህት ሐና ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተችልኝ። መርዶ ከደረሳቸው ወር ሆኗቸዋል፤ የሞተው ግን ጦርነቱ ሳያልቅ ነው። እናትየዋን አላየኋቸውም፤ ታመው ተኝተዋል አለችኝ። ማን እንደላከኝ እንኳ ሳልነግራት ነፍስ ይማር ብዬ ወጣሁ።

አሁን የሠራሁትን ልናገር። ማረፊያ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ፤ ሲበቃኝ የፈለቀን ደብዳቤ ዘረጋሁና እጅ ጽሑፉን እያየሁ አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ። የማኅደር ሠራተኛ ነኝ፤ የሰው ጽሑፍ መምሰል አያቅተኝም። የጨዋታውም ሁኔታ ከራሴ ቤት ዕቃ ይልቅ ይታወቀኛል። የፈለቀ ሠራዊት ከተዘጋችው ኮከብ ዳር ቆሟል፤ ተራው የእሱ ነው። «ሠራዊቴ ከድንበሩ ላይ ይሰፍራል፤ ሣራችሁ እስኪከፈት እጠብቃለሁ» ብዬ ጻፍኩና እዚያው ፖስታ ቤት ጣልኩት። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

መሐል ሜዳ ስደርስ ጸጸተኝ። ደብዳቤው ሳይደርስ እውነቱን በወጉ ልነግረው ፈለግሁ። ወጉ ይታወቃል፤ መርዶ ብቻን አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ማልዶ ነው። አለቃችን አቶ ኃይለ ኢየሱስ ዘንድ ገብቼ ሰው እንዲያሰባስቡልኝ ለመንኳቸው።

«የሥጋ ዘመዱ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«የክርስትና? የጡት?»

«አይደለም። ደብዳቤ ይጻጻፋሉ።»

አቶ ኃይለ ኢየሱስ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ጌታነሽ፣ ሰውን ሁሉ ጠርቼ ምን ልበል? ለደብዳቤ መርዶ አለ እንዴ? አንቺው ቀስ ብለሽ ንገሪው» አሉኝ። እኔው ቀስ ብዬ ልነግረው አሥር ቀን ሞከርሁ። ሲጠይቀኝ ቤታቸው ተዘግቶ ነበር አልኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ደብዳቤው መጣ።

የፖስታውን ጽሑፍ ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። መስኮቱ ላይ ሰው ቆሞ «ፋይሌን» እያለ ይጮኻል፤ እሱ አልሰማም። ቀደደው፣ አነበበ፣ ፊቱ በራ። እንደገና አነበበ። ሁለተኛው ላይ የፊቱ ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

«ፈለቀ አይጠብቅም» አለ።

በእጄ የያዝኩትን ማኅደር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አንድም ቀን ድንበር ላይ ቆሞ ጠብቆ አያውቅም። ዝግ ነው ስትይው ነው የሚገባው። ይሄን የጻፈው ጓሳ ሥር ያደገ ሰው ነው።»

እውነቱን ነው። አባቴ ጓሳ ጠባቂ ነበር። ዝግ ሣር ውስጥ መግባት ለጨዋታ እንኳ በሐሳቤ አልመጣም። ሙሉቀን ማን እንደጻፈው አልጠየቀኝም፤ ደብዳቤውን አጥፎ ወደ ፖስታው መለሰውና «መቼ ነው የሞተው?» አለኝ። ነገርኩት። በመስኮቱ የቆመውን ሰውዬ ፋይል አውጥቶ ሰጠው፤ ከዚያም ተቀመጠ።

ለቅሶ ልደርስ አልችልም ሲል አንድ ሳምንት ቆየ። «ምኑ ነህ ቢሉኝ ምን እላለሁ?» ይለኛል። እኔ ተቆጣሁት፤ ጓደኛው ነኝ በል፣ ምን ችግር አለው አልኩት። በስምንተኛው ቀን ፈቃድ ወስደን አብረን ሄድን።

የፈለቀ እናት እማማ ለተሥላሴ ተሽሏቸው ተነሥተው፣ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጎረቤቶች ዙሪያቸውን ነበሩ። እኔ ቀድሜ አለቀስኩ። ሙሉቀን ባርኔጣውን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«አንተስ የኔ ልጅ» አሉት እማማ ለተሥላሴ፣ «የልጄ ምኑ ነህ?»

ጓደኛው ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ይህ ውሸት የማያውቅ ሰው «እማማ፣ ስንዋጋ ነው የኖርነው» አላቸው።

ሐና ቀና ብላ አየችው። ላስረዳ አፌን ስከፍት ሙሉቀን አየኝና ተውኩት።

«በምን ተጣላችሁ?» አሉ።

«በሣር። የዘጋሁትን ሣር እየጣሰ ይገባብኝ ነበር።»

እማማ ለተሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፈለቀ ነዋ» አሉ። «እሱ መች ዝግ ያውቃል? እኔንም እንዲሁ እያደረገኝ ነው ያሳደግሁት። ጨክነህበት ነበር?»

«እኔም ጨክኜበታለሁ። ብዙ ገድዬበታለሁ።»

«ከብት?»

ሙሉቀን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ አቀረቀረ።

«ሳትታረቁ ነው የሄደው?»

«ሳንታረቅ ነው፣ እማማ።»

አሮጊቷ የሐናን ትከሻ ተደግፈው ከመደቡ ተነሡ። ማንም ይቀመጡ ሊላቸው አልደፈረም። መሬት እስኪነኩ ጎንበስ አሉለት። «እንግዲህ እሱ የለም» አሉ። «በልጄ ፋንታ እኔ ነኝ። ከነቂምህ እንዳትመለስ። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ሙሉቀን እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ያለቀሰውን ለቅሶ ወንድም ለወንድሙ አያለቅሰውም። ጎረቤቶቹም አብረውት አለቀሱ። ምኑ እንደሆነ ደግሞ የጠየቀው የለም።

ከተመለስን ከሁለት ወር በኋላ ቤቱ ስሄድ ሰማዩ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ባዶ ነበር። ባቄላውን ቀቅሎ በልቶታል፤ ካንዴላዎቹን ለጋራዡ መልሷል። ከፋኝ። በነጋታው ቢሮ ስንገናኝ ፈለቀን ሆኜ ልጫወት፣ ድንበር መጣስንም እለምዳለሁ አልኩት። ሙሉቀን ፈገግ አለ፤ ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«ታርቀናል እኮ፣ ጌታነሽ» አለኝ። «ከዚህ በኋላ ከማን ጋር እዋጋለሁ?»

ከዚያ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ፤ ባለጉዳዮች ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር።