በጉና ላይ የተተከለው ነጭ ድንኳን

በጥቅምት መጀመሪያ ከደብረ ታቦር የወጣሁት ሚስቴን ላመጣ ነው። ብርቄ የመጀመሪያ ልጃችንን እንደ አገሩ ወግ በእናቷ ቤት ልትወልድ ሁዳዴ ሳይገባ ሄደች። ክርስትናው ሲያልፍ አባቷ ራሳቸው ይዘዋት ሊመጡ ነበር ቃላችን። ሴት ልጅ እንደ ተወለደችልኝ አንድ መንገደኛ መነኩሴ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱ ገባ፣ መንገዱም በጭፍራ ተሞላና ማንም ሳይመጣ ቀረ።

እኔ ዳዊት እየጻፍኩ የምኖር ደብተራ ነኝ። ያን ክረምት አንዱን ገጽ ደጋግሜ እየፋቅሁ እንደገና ጻፍኩት፤ ልቤ ከብራናው ላይ አልነበረም። ባዶ ቤት ገብቶ የገዛ እሳቱን የሚያነድ ሰው ናፍቆት ምን እንደሆነ ያውቃል። ብርቄ ናፈቀችኝ። ልጄም ናፈቀችኝ። ያላዩት ሰውም ይናፍቃል።

የአማቶቼ አገር ወይራ አምባ ከጉና ተራራ ጀርባ ነው። ለብቻዬ ብሆን ጋቢዬን ተከናንቤ እሻገረው ነበር። በመልሱ ግን የምታጠባ ሴትና ጨቅላ ይዤ ተራራው ላይ ማደሬ አይቀርም፤ ድሮ መንገደኛ ያሳድሩ የነበሩት የጉና ትከሻ ቤቶች ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው ሄደዋል። ጎረቤቴ አያ ደሴ፣ ጎልማሳነታቸውን በዘመቻ የጨረሱ ሰው ናቸውና ነገሩን ባጭሩ ቆረጡት። «የጉና ውርጭ በቅሎ ያደርቃል፣ ለጨቅላማ ምን ይመለሳል! ድንኳን ግዛ» አሉኝ።

የድንኳን ምርጫ

በእኛ ከተማ ድንኳን ከቤት ይበዛል። ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ከሰፈሩ ወዲህ ኮረብታው ሁሉ ነጭ ነው። ስለዚህ መግዛቱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ከአያ ደሴ ጋር ገበያ ወረድኩ።

መጀመሪያ ያየነው ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ የማቅ ድንኳን ነው። ይሞቃል፣ ዝናብም አያስገባም። በአንድ እጄ ላነሳው ብሞክር አቃተኝ። አያ ደሴ ሳቁብኝ። «ይኼ እኮ ደረቁን ነው። የራሰ ጊዜ በቅሎዋን አንተ ትሸከማታለህ» አሉ። ሁለተኛው ስስ የሸማ ድንኳን ነበር፤ ተጣጥፎ ብብት ውስጥ ይገባል። ወደ ፀሐይ ዘርግቼ ባየው ግን በስፌቱ ቀዳዳ ገበያው በሙሉ ታየኝ።

ሦስተኛውን ያገኘነው ከሙስሊሞቹ መንደር፣ ሼህ ይማም ከሚባሉ ሰፊ ዘንድ ነው። ከምጽዋ በመጣ አቡጀዲ ድርብ አድርገው ሰፍተውታል። ስፌቱ ላይ ሰም ቀልጦ ፈሶበታል፤ ምድር የሚነካው ጠርዝ የበግ ጠጉር ነው። ምሰሶዎቹ ሁለት ቀርከሃዎች ሲሆኑ ከወገባቸው ተቆርጠው በብረት ቀለበት ይጋጠማሉ፤ በቅሎ ላይ ሲጫኑ ቁጥቋጦ አይዛቸውም። የሚወጠርበትን ገመድ፣ አውታሩን፣ ከቃጫ እንጂ ከጠፍር እንዳላደርገው መከሩኝ። ጠፍር ሲርስ ይለጠጥና ድንኳኑ በላይህ ይወድቃል አሉኝ።

«ውኃ ያስገባል?» አልኳቸው።

«ግባና እየው።»

ገብቼ ቁጭ አልኩ። ሼህ ይማም ከውጭ አንድ እንስራ ውኃ ደፉበት። ጠብ አላለም። ደስ ብሎኝ ጣራውን በጣቴ ነካ ባደርገው ከነካሁበት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ እስከ ማተቤ ራስኩ። «ሲዘንብ አይነካም፤ እንደተኛ ልጅ ነው» አሉኝ ከውጭ ሆነው። እዚያው ወደድኩት። ዋጋው ሁለት ክረምት የደከምኩበትን ዳዊት በላ፤ አልቆጨኝም። አያ ደሴም ዞር ዞር ብለው አዩና «ይኼ የጌታ ድንኳን ነው» ብለው መሰከሩልኝ።

ገሳይ

አያ ደሴ ከጉና ሥር እስካለችው መንደር እስከ ገሳይ ሸኙኝ። የመንገዱ ገብስ ቢጫ ሆኗል፣ ስንዴው ገና እሸት ነው። ወንዞቹ ስለ ጎደሉ በቅሎዬ ያለ ችግር ተሻገረች። በተማሪነቴ አኩፋዳዬን አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል የገሳይ ሴቶች ቁራሽ አጥተውብኝ አያውቁም፤ ዛሬ ደግሞ አምሮብኝ፣ በቅሎ እየነዳሁ መጣሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ድንኳኔን ተከልኩ። ካስማውን ስመታ ድምፁ ከወዲያኛው ኮረብታ ይመለስ ነበር።

አንድም ሰው «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ አልወጣም። ውሾቹ ብቻ ጮኹ። በኋላ አንድ ሽማግሌ በግ እየጎተቱ መጡና ዓይናቸውን ከምድር ሳያነሱ «ይኸው ጌቶቼ፣ ሌላ የለንም» አሉ።

«ኧረ አባቴ፣ በጉን ምን ላደርገው!» አልኳቸው።

«ይቀበሉን ጌታዬ።»

አያ ደሴ ክንዴን ጎሸም አደረጉኝ። «በጥቅምት አንድ አጥንት ነው፤ ተቀበል እንጂ!» አሉ። እምቢ ብዬ ሁለት የገብስ ቂጣ ብቻ ለመንኩ። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩኝና በጉን እየጎተቱ፣ ሮጥ ሮጥ እያሉ ተመለሱ። እኔም የገሳይ ሰው ደግነት ዛሬም አላለቀም ብዬ መረቅሁ። ቂጣውን ያመጣችልን ሴት ከሩቅ ድንጋይ ላይ አስቀምጣው ሄደች።

ጉና

በማግስቱ ከአያ ደሴ ተሰነባብቼ ብቻዬን ወደ ላይ ወጣሁ። እርሻው አለቀ፣ ከዚያ የአስታው ቁጥቋጦ አለቀ፣ በመጨረሻ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ብቻ ቀረ፤ በጉሙ ውስጥ ተራ በተራ ቆሞ ሰው ይመስላል። እኔም አንዱን «እንዴት ዋልክ» ብዬዋለሁ።

ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ። እጄ እየደነዘዘ ድንኳኑን ወጠርኩና ገባሁ። ነፋሱ ከአራቱም ማዕዘን ገፋው፤ አውታሮቹ አጉረመረሙ እንጂ አንድ ካስማ አልተነቀለም። ጣቴን ሰብስቤ «እግዚኦ መሐረነ» እያልኩ ተቀመጥኩ። መሬቱን በዓይኔ ለካሁት፤ ብርቄ ከግድግዳው ወገን፣ ልጅቱ ከመካከላችን፣ እኔ ከበሩ። ባዶውን ቦታ በእጄ ዳበስኩት። ሳቋ፣ ስትቆጣ ከንፈሯን የምትነክሰው ነገር፣ ሁሉ መጣብኝ። አለቀስኩም።

ወይራ አምባ

ጉናን ወርጄ ከወይራ አምባ ፊት ለፊት ካለው ሸንተረር ስደርስ የአማቴ ቤት ጭስ ታየኝ። ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ግን አማች ሳይጠራ፣ ያውም የመንገድ አቧራውን ሳያራግፍ፣ የአማቶቹን ደጅ አይረግጥም። እዚያው ታጥቤ፣ ንጹሕ ልብሴን ለብሼ፣ ላገኘሁት ሰው መልእክት ሰጥቼ ለመግባት አሰብኩ። እስከዚያው ድንኳኔን ተከልኩት። እውነቱን ለመናገር ብርቄ ከሩቅ አይታ እንድትደነቅልኝ ፈልጌ ነበር።

ከታች ሰው ይሯሯጥ ጀመር። ከብት ይነዳል፣ ሴቶች አዝለው ይወጣሉ። ለእኔ መሰናዶ የያዙ መስሎኝ ፈገግ እያልኩ ፊቴን ታጠብኩ። ጭሱ ሲጠፋ ግን ልቤ ፈራ።

ወርጄ ብደርስ መንደሩ ባዶ ነው። ምድጃው አመድ ለብሷል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አንድ አረጋዊ ቄስ፣ አባ ተክሌ፣ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋሉ አባ፣ ሰዉ ወዴት ሄደ?»

ባዶ እጄንና ወገቤ ላይ ያለውን የቀለም ቀንድ አዩ። «ያ ድንኳን ያንተ ነው? ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ። የብርቄ ባል ነኝ።»

«ኧረ በስማም!» ብለው አማተቡ። «ልጄ፣ ድንኳን ጨርቅ ብቻ መስሎሃል? አምና እዚያው ሸንተረር ላይ የወታደር ሦስት ነጭ ድንኳን ተተከለ። በማግስቱ ጎተራው ተጠረገ፣ የአማትህ ጥማድ በሬ ታረደ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ነጭ ነገር ካየ አይጠይቅም፤ ልጁን አዝሎ ከገደሉ ዋሻ ይገባል። እኔ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው የቀረሁ።»

«ብርቄም?»

«ልጇን አዝላ ከፊት የሮጠችው እሷ ናት።»

የገሳዩ ሽማግሌ በጋቸውን ለምን እንዳመጡ ያን ጊዜ ገባኝ። ድንኳን በበዛበት ከተማ ኖሬ፣ ከዘመቻ ሰው ጋር መርጬ፣ ስፌቱን በዓይን አይቼ፣ ውኃውን በራሴ ላይ አስደፍቼ፣ ባላገር ሲያየው ምን ይለዋል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ሸንተረሩን በሩጫ ወጥቼ ነቀልኩት፣ ጠቅልዬም ጭኜው ወረድኩ። ከገደሉ አፋፍ ቆሜ «ብርቄ! እኔ ነኝ!» እያልኩ ተጣራሁ። የመለሰልኝ ገደሉ ብቻ ነው።

«ወታደርም ስም ይጠራል፤ ስም የሚነግረው አያጣም» አሉኝ አባ ተክሌ። «ይልቅ ብርዱ ሳይገድልህ ከአማትህ ቤት ግባና እሳት አንድድ።»

«ሳይጠሩኝ?»

«ማን ይጥራህ፣ ሰው የለ!»

«እኔ እኮ አማች ነኝ አባ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ጎጇቸው እንዳድር ለመኑኝ፤ እኔ ግን ከዚያ ደጃፍ መራቅ አልሆነልኝም። ከበሩ ፊት ድንጋይ ላይ በጋቢዬ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ ተጠቅልሎ አጠገቤ አለ። ነጩ እንዳይታይ ብዬ ልከናነበው እንኳ አልደፈርኩም። ውርጩ ሲወርድ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሁሉ ወር ስናፍቃት ከርሜ፣ እሷ ከእኔ ለመሸሽ ሮጠች። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ነጋ።

አማቴ ጦራቸውን ይዘው ከገደሉ አፋፍ ብቅ ሲሉ ከድንጋዩ ተነስቼ እጅ ነሳሁ።

«አንተ ነህ?» አሉ ከሩቅ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ቤቱ ክፍት አልነበረም?»

«ክፍት ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልገባህም?»

«ማን ጠርቶኝ?»

ጦሩን አጥሩ ላይ አስደገፉ። ለካስ ከዋሻው አፍ ሆነው ማታውን ሁሉ ጣራቸውን ሲያዩ አምሽተዋል፤ ወታደር ቤት ሲገባ መጀመሪያ እሳት ያነዳል፣ ጭስ ግን አልወጣም። ወደ ገደሉ ዞረው ተጣሩ። «ብርቄ! ውጪ! አማች ነው! ወታደር እንዲህ አያፍርም!»

ብርቄ እሾህ የቧጠጠው እግሯን እየጎተተች መጣች። ከፊቴ ስትቆም ከንፈሯን ነከሰች። «ምነው፣ እንዲህ ያስደነግጡኛል?» ብላ ደረቴ ላይ ወደቀች። ከጀርባዋ ያለችው ትንሽ ልጅ አየችኝና በጩኸት ቀወጠችው። ልጄ ትዋብ ናት።

መልስ

አማቶቼ አሳርፈው፣ ጥሬና ቅቤ ጭነው፣ አባቷ ጥቁር በርኖሳቸውን ለልጅቱ ሰጥተው ሸኙን። እናቷ እስከ ወንዙ መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ብርቄ ዞር እያለች ስታይ አንገቷ እንደ ዞረ ቀረ።

ጉና ላይ ነፋስ ሲነሳ ድንኳኑን ወጠርኩ። ብርቄ ከውጭ ቆመች። «ልጄን እዚያ ውስጥ አላስተኛትም» አለች። የልጅቱ ከንፈር ጠቁሯል። ብለምን፣ ብቆጣ፣ እሷ ቁልቁል ወደ መንደሮቹ ታያለች።

«ከታች ያለ ሰው ያየዋል» አለችኝ።

«ቢያየውስ? የምንሠራው ክፉ የለ።»

«ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ይሮጣሉ። በዚህ ብርድ!»

በርኖሱን በአናቱ ጣልንበት፣ የበቅሎዋን የቆዳ ልብስ፣ ዳባውን ደረብን፣ የቀረውን በአስታ ቅርንጫፍ ሸፈንነው። ነጩ ሲጠፋ ጎንበስ ብላ ገባች። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። አንድ ጠብታ አልገባም። ትዋብ ወደ ጣራው እጇን ስትዘረጋ እናቷ እየያዘች ትስማት ነበር። እኔ ከበሩ በኩል ተኛሁ።

ደብረ ታቦር ስንደርስ ኮረብታው እንደ ወትሮው ነጭ ነው። ብርቄ መንገድ ላይ ቆመች፤ ክንዴንም ያዘችኝ። ይህንንም አላሰብኩበትም ነበር።

አሁን ቤቴ ሞልቷል። ትዋብም ለምዳኛለች፤ የቀለም ጣቴን ካልጠባሁ ትላለች። የተራራ መንገድ ያለበት ሰው ድንኳን ሊያማክረኝ ሲመጣ፣ ድርቡን እይ፣ ሰሙን እይ፣ ቃጫ እንጂ ጠፍር አትያዝ እለዋለሁ። ከዚያ ከሩቅ ተክለህ አንድ ባላገር ጥራና ምን እንደሚመስለው ጠይቀው እለዋለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ።

የእኔ ናፍቆት እንዲህ አለቀ፤ የብርቄ ጀመረ። አመሻሽ ላይ ከደጃፋችን ቆማ፣ ልጅቷን ታቅፋ፣ ከድንኳኖቹ በላይ ወደ ጉና ታያለች። ያን ማየት እኔም አውቀዋለሁ። በቀደም ከጎኗ ሄጄ ቆምኩ።

«ያን ድንኳን ሸጡት?» አለችኝ።

«ገዢ መጥቷል፤ ገና ነው።»

«አይሽጡት። ጥቁር ያስነክሩት።»

«ለምን?»

«እናቴ ዘንድ የሄድኩ ጊዜ» አለች፣ «እንዳትሸሸኝ።»